በወርኀ ጽጌ ሾላ ፍለጋ

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ ሚኒባስ አሜሪካ ኤምባሲን ሲያልፍ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። አቀበት ነው። ግራና ቀኝ የሀገር ልብስ ሱቆች ጥለታቸው ከሩቅ የሚጣራ ነጠላና ቀሚስ ሰቅለዋል፤ ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት መንደሮች ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም መወርወሪያ ይወረውራሉ። በጉለሌ ያለው ቁስቋም ከዚህ ከፍ ብሎ፣ እንጦጦ እግሩን በዘረጋበት ተዳፋት ላይ ነው። አየሩ ከመሀል ከተማው ቀዝቀዝ ይላል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ ከየማጀቱ ጭስ ጋር ተደባልቆ እንግዳን ይቀበላል።

የሄድሁት በጥቅምት መጨረሻ ነው፤ ወቅቱን የመረጥሁትም ሆን ብዬ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ወርኀ ጽጌ ብላ ታከብረዋለች። እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት መታሰቢያ ነው። ምድሪቱ አበባ በለበሰችበት በዚህ ሰሞን ሊቃውንቱ ቅዳሜ ማታ ገብተው እሑድ ጎሕ እስኪቀድ ማሕሌተ ጽጌን ይቆማሉ። ወርኀ ጽጌ ባለቀ ማግስት፣ ኅዳር 6፣ የቁስቋም በዓል ነው። በዚህ ወር ወደ ቁስቋም የሚወጣ ሰው አበባ ፍለጋ ነው ቢባል ማንም አይገረምም። እኔም አበባ ፍለጋ ነበር የወጣሁት፤ የምፈልገው ግን የሾላን አበባ ነው።

ሾላ አያብብም ብሎ የሚከራከር ሰው ብዙ ነው። አይፈረድበትም፤ ሲያብብ ያየው የለም። ሌላው ዛፍ አብቦ፣ አበባው ረግፎ፣ ከዚያ ያፈራል። ሾላ ግን አንድ ቀን ጠዋት ግንዱና ወፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ ትንንሽ አረንጓዴ እንክብሎች ደርድሮ ይገኛል። እነዚያ እንክብሎች ናቸው አበባው። እያንዳንዳቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ አበቦች ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው የታጨቁባቸው ዝግ ኪሶች ናቸው። ወደ ውስጥ የሚያስገባው አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት፤ እሷም በጥቃቅን ቅርፊቶች የተደፈነች። ንብ አትገባባትም፣ ቢራቢሮ አይገባባትም። የሚገባ አንድ ፍጡር አለ፤ እሱ ጋ እንደርሳለን።

ሾላ ለማየት ግን ቁስቋም ድረስ መውጣት ግድ አልነበረም። የደጋው ሾላ፣ ሳይንሱ ፊከስ ሱር የሚለው፣ ወንዝ ዳር የሚወድ ዛፍ ነው፤ ከ2500 ሜትር ከፍታ በላይ እምብዛም አይደፍርም። ቁስቋም ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ከቁስቋም በላይ ያለው የጥድ፣ የኮሶና የአስታ አገር ነው። ወደ ጉለሌ ዝቅ ያሉ ሰፈሮች ብወርድ፣ ከዚያም አልፌ ወደ አቃቂ ብዘልቅ በቀላሉ ባገኘሁት ነበር። ወደዚህ የሳበኝ የሰፈሩ ስም ነው፤ ስሙና ዛፉ አንድ መንገድ በተቃራኒ አቅጣጫ የተጓዙ ናቸውና።

ደብረ ቁስቋም በላይኛው ግብፅ፣ በአስዩት ግዛት፣ ቁሲያ የተባለች ከተማ አጠገብ ያለ ተራራ ነው። ዛሬ ዴር አል ሙሐረቅ የሚባል የቅብጦች ገዳም አለበት። በትውፊቱ ቅዱሱ ቤተሰብ ከየትኛውም የስደት ቦታ ይልቅ ረጅሙን ጊዜ፣ ከስድስት ወር በላይ፣ የተቀመጠው እዚያ ነው። ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም በዚያ ገዳም ለዘመናት ኖረዋል። ስሙ በመጻሕፍትና በተሳላሚዎች አፍ ዓባይን ሽቅብ ተከትሎ ወደ ሀገር ቤት ገባ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ከጎንደር ወጣ ብሎ ያሠሩትን ደብርና ቤተ መንግሥት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም አሉት፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ የተቀመጠውና በፈንጣጣ የታመሙ የቤተ መንግሥት ልጆችን ያስታመመው እዚያ ነበር። የጉለሌው ቁስቋም የዚህ ሁሉ ታናሽ ነው።

ዛፉስ? ከቤተልሔም ወደ ቁስቋም በሚወስደው በዚያው የስደት መንገድ ላይ፣ ዛሬ በካይሮ ከተማ የተዋጠች ማታሪያ የምትባል ሰፈር አለች። እዚያ በአጥር የተከበበ፣ ጎንበስ ያለ አሮጌ ዛፍ አለ፤ የድንግል ዛፍ ይሉታል፣ ከግብፅ ፀሐይ ጥላው ሥር አረፈች ብለው። ሾላ ነው። በትክክል ለመናገር የጉለሌው ሾላ ታላቅ ወንድም የሆነው ባምባ ነው፣ ፊከስ ሲኮሞረስ። ዛፉ የዚያን ዘመን ዛፍ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1672 ተተከለ የሚባለው ዛፍ በ1906 ወድቆ፣ አሁን የሚታየው ከእሱ ቁጥቋጥ የበቀለው ነው። ስደቱን የሚስሉ አውሮፓውያን ሠዓሊዎች ዛፉን የፈለጉትን ሲያደርጉት ኖረዋል። የማታሪያው ሾላ ግን በሀገራችን የስደት ሥዕሎች ውስጥ ቢገባ ለገበሬው እንግዳ አይሆንበትም፤ ከቤቱ በታች ባለው ወንዝ ዳር የቆመው ዛፍ ነው።

የዛፉ ታሪክ የሚያስገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ግብፃውያን ይህን ዛፍ ከፈርዖኖች ዘመን ጀምሮ ተክለውታል። ሐቶር የተባለችውን አምላካቸውን የሾላዋ እመቤት ብለው ሰግደውላታል፤ የሬሳ ሣጥኖቻቸውን ከግንዱ ጠርበዋል፤ ፍሬውን ከሙታን ስንቅ ጋር በመቃብር አስቀምጠዋል። ግን የግብፅ ሾላ ዘር የለውም። በሺህ ዓመታት ውስጥ ራሱን በፍሬው አልተካም፤ ሰው ቅርንጫፍ እየቆረጠ ሲተክለው ነው የኖረው። ምክንያቱም ዛፉ ከሰሐራ በታች ካለው አፍሪካ ወደዚያ ሲወርድ አንድ ባልንጀራውን መንገድ ላይ ጥሎት ሄዷል። ያ ባልንጀራ ሁለት ሚሊሜትር የማይሞላ ተርብ ነው። ግብፅ አልደረሰም፣ እስራኤልም አልደረሰም።

እስራኤላዊው የእጽዋት ተመራማሪ ያዕቆብ ጋሊል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህን ጉዳይ ከምሥራቅ አፍሪካ ሾላዎች ጋር እያነጻጸረ አጠና። ግብፅ ውስጥ ሌላ ተርብ አለ፤ የፍሬውን አበቦች ለልጆቹ መኖሪያ የሚያደርግ፣ ግን ብናኝ የማያቀብል። ይህ ተርብ የገባበት ፍሬ ለሰው አይጥምም። ስለዚህ ግብፃውያን መላ ፈጠሩ። ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ በትንሽ ቢላዋ ጫፉን ይበጡታል። የተበጣው ፍሬ ከቁስሉ የሚያፈልቀው ጋዝ ያነቃውና በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ አብጦ፣ ጣፍጦ ይበስላል፤ ተርቡ አድጎ ከመውጣቱ በፊት። ጠባሳው ያለባቸው የሾላ ፍሬዎች በጥንት መቃብሮች ተገኝተዋል። ነቢዩ አሞጽ ከመንጋው ጎን ለጎን ይሠራው የነበረው የሾላ ሥራ ይኸው መብጣት ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። በሌላ አነጋገር፣ ተርቡ በሌለበት አገር የተርቡን ሥራ ሰው በቢላዋ ተካ። የሾላው ፍሬ ጣፈጠ እንጂ ዘር አልሆነም።

እንግዲህ የቁስቋም ሰፈር ስሙን ከሰጠው አገር የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ ማለት ነው። እኛ ጋ ቢላዋ አያስፈልግም።

ይህን እያሰብሁ ከታክሲ ወረድሁ፣ የመጀመሪያ ጥያቄዬንም የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ይወርዱ ለነበሩ እናት አቀረብሁ። ሸክማቸውን የመንገድ ድንጋይ ላይ አሳርፈው ትንፋሽ ይሰበስቡ ነበር።

«እማማ፣ እዚህ አካባቢ የሾላ ዛፍ አለ?»

«ሾላ?» አሉ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ሾላ ከሆነ የምትፈልግ መንገዱን ስተሃል፣ ልጄ። ወደ መገናኛ የሚሄድ ታክሲ ያዝ።»

ሾላ ገበያን ማለታቸው ነበር። አብረዋቸው የነበሩት ሴቶች ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሾላ በዚህ ከተማ የገበያ ስም፣ የሰፈር ስም፣ የወተት ስም ነው። ዛፉ ሲጠየቅ ግን ሰው ቆም ብሎ ያስባል። ቀጠል አድርጌ፣ የሚበላውን፣ ግንዱ ላይ የሚያፈራውን ስላቸው ፊታቸው በራ። «ኧረ እሱንማ በልጅነታችን ከከብት ኋላ ስንል በልተነዋል! እዚህ ግን ባሕር ዛፍ ምን ቦታ ይሰጠዋል? እስቲ ወደ ጅረቱ ውረድ።»

ባሕር ዛፍ ያሉት ያለምክንያት አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ አጠገብ ሲወርዱ አዲሲቱ ከተማ እንጨት እየበላች፣ ዙሪያዋ እየተራቆተ ሄደ። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከመሰደድ አዳናት፤ ይህን ማንም አይክደውም። የእንጦጦን ሴቶች ወገብ የሚሰብረውም፣ ምድጃቸውን የሚያሞቀውም እስከዛሬ እሱ ነው። ግን ባሕር ዛፍ የሞላበት ተዳፋት ውስጥ ስትቆሙ አንድ ነገር ጆሯችሁን ይጎድለዋል። ወፍ ይቀንሳል። ዛፉ ለማረፊያ ይሆናል፣ ለጎጆም ይሆናል፤ ለምሳ ግን የሚሆን ነገር የለውም።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ አገኘሁ፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ካፖርት ለብሰው ፀሐይ የሚሞቁ። ስለ ዛፍ የሚጠይቅ ሰው ብዙም የሚመጣባቸው አይመስሉም፤ ግን ለመመለስ አልሰነፉም። በቅጥሩ ውስጥ ያሉትን ዛፎች በእጃቸው እያመለከቱ ቆጠሩልኝ፦ ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ። «ሾላ የደብር ዛፍ አይደለም» አሉኝ። «ልጆች ድንጋይ እየወረወሩ ያስቸግራሉ፤ ፍሬው ወድቆ ዝንብ ይጠራል። ሾላ የወንዝ ነው።» ከዚያ በጣታቸው ወደ ምዕራብ፣ ከቤቶች መሀል ወደሚወርድ ገደል ጠቆሙኝ። «እዚያ አንድ አለ። ስትወርድ ግን ተጠንቀቅ፣ መሬቱ ያዳልጣል።»

ስለ ደብር ዛፍ የተናገሩትን ሳሰላስል ወረድሁ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተረፈው ደን ከሀገራችን ትላልቅ የዛፍ ቅርሶች አንዱ ነው፤ የጎጃምና የጎንደር ደብሮች ከአየር ሲታዩ በእርሻ መሀል የቀሩ ክብ አረንጓዴ ደሴቶች ናቸው። ግን ደብሩም ምርጫ አለው። በለስ ለምሳሌ በሰሙነ ሕማማት ሰኞ የተረገመችበት ቀን አላት። ሾላ እንደዚያ ያለ ክስ የለበትም፤ እንዲያውም ዘኬዎስ ጌታን ለማየት የወጣበት ዛፍ ነው። ቁመቱ አጭር የሆነ ሰው ሾላ ላይ መውጣቱ ልክ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ዝቅ ብለው ስለሚጀምሩ ለመውጣት ይመቻል። ማንኛውም የገጠር ልጅ ይህን ያውቃል።

ጅረቱ ቀጭን ነው። ክረምቱ ካበቃ ቢቆይም ውሃው ገና ይጮኻል፤ ከከተማው ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ሁላችንም ስለምናውቅ አልናገርም። ሾላው ከጅረቱ ዳርቻ ላይ ዘንበል ብሎ ቆሟል። ግራጫ ግንድ፤ ስሩ በድንጋዮች መሀል ተጠላልፎ ውሃ ውስጥ የሚነከር። ፍሬው በቅጠል መሀል የለም። ከግንዱና ከአሮጌ ቅርንጫፎቹ ላይ ቅጠል በሌላቸው ቀጫጭን ዘንጎች በዘለላ ተንጠልጥሏል፤ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ብርቱካንማ ቀይ የሚሄድ፣ ትልቁ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ። እንዲህ ግንድ ላይ ማፍራት ለከባድ እንግዶችም ይመቻል፤ ጦጣ ቀጭን ጫፍ ላይ መንጠላጠል አያስፈልገውም፤ የሌሊት ወፍም በጨለማ ቅጠል ሳያደናቅፈው እየበረረ ይቀጥፋል።

አንዱን ብርቱካንማ ፍሬ ቀጥፌ ሁለት ቦታ ከፈልሁት። ነጭ ወተት ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ውስጡ ሮዝ ነው፣ እርጥብ፣ እንደ ማሽላ ፍሬ በተደረደሩ ጥቃቅን ዘሮች የተሞላ። እነዚያን ዘሮች ሳይ ደስ ያለኝ ያለ ነገር አይደለም፤ የማታሪያው ዛፍ በእርጅናው ሁሉ እንዲህ ያለ ዘር በፍሬው አላየም። በዘሮቹ መሀል ደግሞ ክንፍ የሌላቸው፣ ማር የሚመስል ቀለም ያላቸው የሞቱ ትንንሽ ነፍሳት ነበሩ። ልጆች ትል የሚሏቸው። «ሾላ በድፍን» የሚለው አባባላችን ከዚህ የመጣ ነው፤ ከፍተህ ካየኸው አትበላውም። እኔ ከፍቼ አየሁትና በላሁት። ጣፋጭነቱ የተጋነነ አይደለም፤ ለስላሳ ነው፣ ውሃማ፣ በመጨረሻው ትንሽ የሚጎመዝዝ። ከሱቅ በለስ ጋር ካወዳደራችሁት ትከፋላችሁ። ከእረኛ ምሳ ጋር ካወዳደራችሁት ግን ንጉሥ ነው።

ትል የተባሉት ወንድ ተርቦች ናቸው። ሕይወታቸው ከሞላ ጎደል የሚያልፈው ፍሬው ውስጥ ነው። ቀድመው ይፈለፈላሉ፣ በጨለማ ሴቶቹን ይፈልጋሉ፣ ያዳቅላሉ፣ ከዚያም ተባብረው የፍሬውን ግድግዳ በመንጋጋቸው ሰርስረው መውጫ ይከፍታሉ። እነሱ ርቀው አይሄዱም፤ ወዲያው ይሞታሉ። ወጥተው የሚበሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ጥቁር፣ ባለ ክንፍ። ከመውጣታቸው በፊት በዚያን ጊዜ የጎመሩትን ወንዴ አበቦች ብናኝ በፊት እግራቸው እየጠረጉ ደረታቸው ላይ ባለ ኪስ ውስጥ ይከታሉ። ይህ በአጋጣሚ የሚጣበቅ ብናኝ አይደለም፤ ሆን ተብሎ የሚሞላ ነው። ጋሊልና ባልደረቦቹ በአጉሊ መነጽር የተመለከቱት ይህንኑ ነበር። ከዚያ ሴቷ ሌላ ሾላ ፈልጋ፣ ገና ያልበሰለ እንክብል ላይ አርፋ፣ በዚያች የተደፈነች ቀዳዳ ራሷን ታስገባለች። ስትገባ ክንፏ ይነቀላል። ተመልሳ አትወጣም። ብናኙን ትዘራለች፣ በአንዳንዱ አበባ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ትሞታለች። ተርቧ ልጆቿን ያሳደገችበት አበባ ለዛፉ ዘር አይሆንም፤ የቀረው ግን ይሆናል። ዛፉ አንዳንዱን አበባ ለተርቧ ቀለብ ከፍሎ ሌላውን ያተርፋል። ይህ ውል ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ከ750 በላይ የሾላና የዋርካ ዘመዶች ሁሉ በዚህ ይኖራሉ፣ አብዛኞቹም የየራሳቸው ተርብ አላቸው።

ቅርንጫፉን ጥቂት ቆሜ ስመለከት መውጫው የተከፈተ አንድ ፍሬ አጠገብ ጉንዳኖች ተሰልፈው አየሁ። ደጃፍ ላይ ቆመው ሴቶቹን ሲወጡ ይለቅሙ ነበር። ለተርቧ መጥፎ፣ ለዛፉ ግን ክፉ ብቻ አይደለም፤ ጉንዳኖቹ ውል የሌላቸውን፣ ከውጭ ሆነው እንቁላላቸውን በመርፌ የሚወጉ ሌሎች ተርቦችንም ያባርራሉ።

አሁን ወደ ከበደኝ ጥያቄ እንምጣ። ይህች የቁስቋም ተርብ ወዴት ትሄዳለች? ሴቷ ከወጣች በኋላ የምትኖረው አንድ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። በራሷ ዛፍ ላይ ያሉት ፍሬዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ስለሚበስሉ እንቁላል የምትጥልበት ትኩስ እንክብል እዚያ አታገኝም። ሌላ ሾላ ያስፈልጋታል፣ በዚያው ቀን እንክብሉ ለእሷ የደረሰ። ለዚህ ነው ሾላ ወቅት የማይጠብቀው፤ አንዱ ዛፍ በጥቅምት፣ ሌላው በጥር፣ ሌላው በሰኔ ያፈራል። ሁሉም በአንድ ወር ቢያፈሩ ተርቡ በዚያው ዓመት ይጠፋ ነበር። ተርቡ ከጠፋ ቀሪው የግብፅ ታሪክ ነው።

የሚያጽናና ነገር አለ። በናሚብ በረሃ፣ ናሚቢያ ውስጥ፣ ኡጋብ በሚባለው ደረቅ ወንዝ ዳር ያሉትን ባምባዎች ዘር በዘረመል የመረመሩ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ውጤት ተርቦቹ ብናኙን በአማካይ ወደ 90 ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም እስከ 160 ኪሎ ሜትር እንደሚያደርሱ አሳየ። ከዛፍ በላይ ከፍ ብለው ለሌሊት ነፋስ ራሳቸውን ይሰጣሉ፤ ሽታ ሲደርሳቸው ይወርዳሉ። ከቁስቋም 90 ኪሎ ሜትር ማለት በቀላሉ የአዋሽን ሸለቆ ያካትታል። ስለዚህ በዚህ ገደል ውስጥ ብቻዋን የቆመችው ሾላ ብቻዋን አይደለችም፤ ጎረቤቶቿ ሩቅ ናቸው እንጂ አሉ። ግን ነፋስ ተርቧን ቢያደርስም፣ የሚቀበላት ዛፍ ከሌለ ነፋሱ ምን ያደርግላታል? በከተማ ውስጥ አንድ ትልቅ ሾላ «ታሪካዊ ዛፍ» ተብሎ በአጥር ሲከበብ ጥሩ ነው እላለሁ፣ ቀጥሎም የማታሪያው አጥር ትዝ ይለኛል። ሾላ እንደ ሐውልት አንድ ሆኖ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ከየወንዙ ዳር ጥቂት ጥቂት መኖር አለበት።

የእስያ ሰዎች ይህን ዛፍ ቢያዩ የራሳቸው ይመስላቸዋል። ከሕንድ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ባሉት ሞቃት ደኖች ፊከስ ራሴሞሳ የሚባል የሾላችን የቅርብ ዘመድ አለ፤ ሕንዶች ጉላር ይሉታል። እሱም ወንዝ ይወዳል፣ እሱም ግንዱ ላይ በዘለላ ያፈራል፣ ፍሬውም ቀይ ሆኖ ይበስላል፣ በልጆችም በዝንጀሮም ይበላል። በጥንቱ ሳንስክሪት ኡዱምበራ ነው ስሙ። ቡድሂስቶች ኡዱምበራ በ3000 ዓመት አንዴ ብቻ ያብባል ይላሉ፤ ቡድሃ ወደ ዓለም ሲመጣ። አበባውን ያየ ስለሌለ ብርቅ ነገር የሚባልበት ምሳሌ አደረጉት። ይህን ሳነብ የጽጌ ወርን አስቤ ነበር። እነሱ ያልታየውን አበባ ሊመጣ ነው ብለው ጠበቁት፤ የእኛ ሊቃውንት በሜዳ ላይ የሞላውን አበባ ወደ ዜማ መለሱት። በሁለቱም መሀል ሾላ ዝም ብሎ በየወሩ ያብባል፣ ውስጥ ለውስጥ።

ከገደሉ ስወጣ ጥላ ካለው ከፍታ ላይ የሰሜን አዲስ አበባን ተዳፋት አየሁ። ጉለሌ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ስም ነው፤ ከተማዋ ከመምጣቷ በፊት የነበሩትን ሰዎች ስም የያዘ ሰፈር። በእነዚያ ሰዎች ዘንድ የባምባ ዛፍ፣ ኦዳ፣ የሕግ ዛፍ ነው። ጉባኤው ከሥሩ ይሰበሰባል፤ ኦዳ ነቤ፣ ኦዳ ቡልቱም፣ ኦዳ ሮባ የሚሉት ስሞች የዛፍም የሸንጎም ስሞች ናቸው። በገዳ ሥርዓት ሕግ የሚወጣውም፣ ሥልጣን የሚተላለፈውም በኦዳ ጥላ ነው፤ ዩኔስኮም የገዳ ሥርዓትን እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰስ የሰው ልጅ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። በአማራውም አገር የሰፈር ሽምግልና የሚቀመጠው ዋርካ ሥር ነው። ዋርካ ለሽማግሌ፣ ሾላ ለእረኛ። ከሁለቱ የአንዱን ክብር ሌላው አይወስድበትም፤ ሆኖም በከተማ ውስጥ የዋርካው ክብር ሲተርፍ የእረኛው ምሳ ግን ተረስቷል።

ከቁስቋም ብዙ ሳይርቅ ወደ ምዕራብ የጉለሌ እጽዋት ማዕከል አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር ያቋቋሙት፣ ከ700 ሄክታር በላይ የሆነ። እዚያ የሀገር በቀል ዛፎች በባሕር ዛፍ ምትክ ቀስ በቀስ ቦታቸውን እየያዙ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክም ተዳፋቱን ለሽርሽር ከፍቶታል። የእኔ ልመና ከዚህ ዝቅ ያለ ነው። ደኑ ወደ ላይ ይመለስ፤ ግን የወንዞቹ ዳርቻም ይታሰብ። ከእንጦጦ የሚወርደው ጅረት ሁሉ ከተማዋን ሲያቋርጥ የኮንክሪት ግድግዳ ብቻ ከተሠራለት ሾላ የሚቆምበት መሬት የለውም። ስሩ አፈር ይይዛል፣ ፍሬው ወፍ ይጠራል፣ ወፉ ሌላ ዘር ጥሎ ይሄዳል። በዓለም ላይ ከ1200 በላይ የወፍና የአጥቢ እንስሳት ዝርያዎች የዚህን ቤተሰብ ፍሬ እንደሚበሉ ተመዝግቧል፤ ሶሪት በእንጦጦ ጫፍ ቀይ ክንፏን ስታሳይ ከተማው ሁሉ ቀና ብሎ የሚያያት ወፍ የምትመገበው ይኖራት ዘንድ ነው የምለው።

ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ወጣት ነበር። በጥቁር ፕላስቲክ የተደረደሩትን አየሁ፦ አቮካዶ፣ ግራቪሊያ፣ ጽጌረዳ፣ ጥቂት ጥድ፣ አንድ የባሕር ማዶ በለስ።

«ሾላ አለህ?»

«የትኛው ሾላ፣ ጋሼ?»

«የወንዙ። የሚበላው።»

ሳቀ። «ማን ይገዛዋል? ሰው የሚገዛኝ ግቢው ውስጥ የሚተክለውን ነው። ሾላ ግቢ ይሰብራል፣ ስሩ ቱቦ ይገባል።» እውነቱን ነው፤ የግቢ ዛፍ አይደለም። ጥቂት አስቦ ግን ጠየቀኝ፤ ነጋዴ ነውና። «ፍሬውን ብታመጣልኝ ዘሩ ይበቅላል?»

ይበቅላል አልሁት። የበሰለውን ፍሬ ሰብሮ፣ ዘሩን በውሃ አጥቦ፣ ለስላሳ አፈር ላይ ሳይቀብር በትኖ፣ እርጥበቱን ቢጠብቅለት ይበቃል። ብርሃን ይወዳል፤ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከአፈር ሥር ከገባ አይወጣም። በቦርሳዬ የቀረችውን ግማሽ ፍሬ አውጥቼ ሰጠሁት። አገላብጦ አያት፣ ውስጧን ወደ ብርሃን አዙሮ፣ የሞቱትን ወንድ ተርቦች በጥፍሩ ነካ አደረገ።

«ትል አለበት» አለኝ።

«ያለ እሱ ዘር የለም» አልሁት።

አንድ ባዶ ፕላስቲክ ፈልጎ አፈር ሞላ። ዋጋውን ከአሁኑ ንገረኝ ብዬ ቀለድሁ። «ከበቀለ ለማዘጋጃ ቤት ነው የምሸጠው» አለ፤ «ወንዝ ዳር የሚተክሉት እነሱ ናቸው። አንተ ከፈለግህ ግን አንዷን አስቀምጥልሃለሁ፤ መጀመሪያ የምትተክልበትን ወንዝ አሳየኝ።»